ባላጋራን መጣል፣ ቁጣን መጣል

ባለፈው ዓመት በማስተምርበት ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት አንድ ነገር ደረሰ። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀልድ በተነሣ ጭቅጭቅ ተያያዙ። አንደኛው በሰፈሩ ለጥቂት ወራት ጁዶ የተማረ ነበርና ጓደኛውን ከአንገትጌው ይዞ፣ በዳሌው ላይ አዙሮ ሲሚንቶው ላይ ጣለው። የወደቀው ልጅ ትከሻው አካባቢ አጥንቱ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ ጭንቅላቱ ተርፏል።

በማግስቱ የጣለው ልጅ እናት መጡ። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «መምህር፣ እኔ ልጄን ወደ ስፖርቱ የላክሁት ከጫትና ከመንገድ ላይ እንዲርቅልኝ ብዬ ነበር። አሁን ምን ላድርግ? ላስቁመው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። እዚያው ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለማሟላት የተደረገ ሙከራ ነው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙ ወላጆች እንደሆነም አምናለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ከሂጅራው በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ትግል በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን

ትግል ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ሩካና ኢብን ዐብድ የዚድ የተባለው ሰው በቁረይሾች ዘንድ የሚጥለው የሌለ ጉልበተኛ ነበር። ይህ ሰው ከአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ታግሎ እርሳቸው እንደጣሉት በሲራ መጻሕፍት ይወሳል። ዘገባውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ አስፍረውታል፤ ሆኖም ቲርሚዚ ራሳቸው ሰነዱ ጠንካራ አለመሆኑን አመልክተዋል።

ከዚህም ሌላ የሲራ ጸሐፊዎች ከኡሑድ ዘመቻ በፊት፣ በሂጅራ 3ኛው ዓመት፣ የሆነውን ይተርካሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ከሠራዊቱ ሲመልሱ ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ ጎበዝ ቀስተኛ ነው ተብሎ ተፈቀደለት። ይህን ያየው ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ እርሱ ራፊዕን ታግሎ እንደሚጥለው አሳወቀ። እንዲታገሉ ተደረገ፤ ሰሙራ ጣለው፤ ለእርሱም ተፈቀደለት። ሁለቱም የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ። ዛሬ እኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በምንለው ዕድሜ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጥንካሬን መለኪያ ከትግል ሜዳ አውጥተው ወደ ልብ አስገብተውታል። የሐዲሱ መልእክት እውነተኛ ብርቱ ማለት ሰውን የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠር ነው የሚል ነው። ልብ በሉ! ትግልን አላወገዙም፤ ከእርሱ የሚበልጥ ትግል እንዳለ ግን አስተማሩ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም በዚሁ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ለመሆኑ መጣል እንዴት ይቻላል?

ብዙ ወጣቶች መጣል የጉልበት ሥራ ይመስላቸዋል። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ (1860 - 1938) በወጣትነቱ ሰውነቱ ደቃቃ ነበር። ከጥንቱ የጂዩ ጂትሱ ጥበብ አደገኛውን አስወግዶ፣ ጠቃሚውን አስቀርቶ ጁዶን የመሠረተው በ1882 ነው። እርሱ ያስተማረው ዋና ነገር ቢኖር ሚዛኑን የጠበቀን ሰው ግዙፍም ቢሆን ለመጣል አስቸጋሪ፣ ሚዛኑን የሳተን ሰው ግን ደካማም ቢጥለው የሚችል መሆኑን ነው።

በመሆኑም አጣጣል ሦስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ «ኩዙሺ» ይባላል፤ በመሳብ ወይም በመግፋት የተጋጣሚን ሚዛን ማሳት ነው። ሁለተኛው «ፁኩሪ» ነው፤ የራስን አካል፣ ማለትም እግርን፣ ዳሌንና ትከሻን ለመጣል በሚመች ቦታ ማስገባት ነው። ሦስተኛው «ካኬ» ነው፤ ይህም መጣሉ ራሱ ነው። ጀማሪ ተማሪ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ይጀምርና ይደክማል። የሠለጠነው ግን ሲገፉት ይስባል፤ ሲስቡት ይገፋል። የሌላውን ጉልበት ለራሱ ያውላል።

ውድድሩ ሲለያይ ጥበቡም ይለያያል

አንድን ሰው መጣል በሁሉም ውድድር እኩል ዋጋ የለውም። በጁዶ ተጋጣሚን በቁጥጥር፣ በኃይልና በፍጥነት በጀርባው ላይ የጣለ ሰው «ኢፖን» ያገኛል፤ ግጥሚያውም ወዲያው ያበቃል። በኦሎምፒኩ የነጻ ትግል ግን ተጋጣሚን አውርዶ መቆጣጠር 2 ነጥብ፣ ጀርባውን ወደ ምንጣፉ አድርጎ በአንድ ጊዜ መጣል 4 ነጥብ፣ ከፍ አድርጎ በሰፊው አዙሮ መጣል ደግሞ 5 ነጥብ ያስገኛል። በግሪክና ሮማ የትግል ዓይነት ከወገብ በታች መያዝም ሆነ በእግር መጥለፍ ክልክል ስለሆነ ታጋዩ ሙሉ በሙሉ በክንዱና በወገቡ ይመካል።

በብራዚል ጂዩ ጂትሱ መጣል 2 ነጥብ ብቻ ነው። ምክንያቱም እዚያ የወደቀ ሰው አልተሸነፈም፤ በጀርባው ተኝቶ ሊያንቅ ወይም ክንድ ሊቆልፍ ይችላል። ስለሆነም ከጁዶ ወደዚህ ውድድር የሚሻገር ወጣት አንድ ነገር መገንዘብ አለበት። ጀርባን ለተጋጣሚ ሰጥቶ በትከሻ ላይ የሚደረገው ማራኪ አጣጣል ካልተሳካ ተጋጣሚው ጀርባ ላይ ይጠመጠማል፤ ጀርባን መያዝ ደግሞ በዚያ ደንብ 4 ነጥብ ነው። ጃኬት በማይለበስበት ውድድር ደግሞ የሚጨበጥ አንገትጌና እጅጌ ስለሌለ ክንድን በብብት ሥር አስገብቶ፣ ወገብን አቅፎ፣ በእግር መጥለፍ የተሻለ ይሆናል። የጣለውም ሰው ሲወርድ ከላይ ሆኖ፣ የተጋጣሚውን እግሮች አልፎ መውረዱን ማረጋገጥ አለበት። በአጭሩ በጁዶ መጣል የሥራው ፍጻሜ ሲሆን በሌሎቹ ግን መጀመሪያው ነው።

ሁለት ሙስሊም ታጋዮች

ይህን በተግባር ካሳዩት አንዱ የዳግስታኑ ኸቢብ ኑርማጎመዶቭ ነው። በ1988 ተወልዶ በአባቱ በዐብዱልመናፕ እጅ ያደገው ኸቢብ ትግልን፣ ጁዶንና ሳምቦን አዋሕዶ ተማረ። ተጋጣሚውን ወደ አጥሩ ገፍቶ፣ ወገቡን አቅፎ፣ እግሩን ጠልፎ መጣል መለያው ሆነ። በግንቦት 2013 ባደረገው አንድ ግጥሚያ ብቻ ተጋጣሚውን 21 ጊዜ ጥሏል። በጥቅምት 2020፣ አባቱ በሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ 29 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ውድድርን አቆመ።

ነገር ግን ወንድምና እህቶች፣ ከኸቢብ ታሪክ ለልጆቻችን የሚጠቅመው ሌላው ገጽ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2018 በላስ ቬጋስ ኮነር ማክግሪጎርን አሸነፈ። ከግጥሚያው በፊት ሃይማኖቱንም፣ አገሩንም፣ አባቱንም የሚነካ ብዙ ነገር ተነግሮት ነበር። ድሉን በእጁ ካስገባ በኋላ ግን አጥሩን ዘሎ በተጋጣሚው ቡድን አባል ላይ ወረደ፤ አዳራሹም ታመሰ። የዘጠኝ ወር እገዳና የ500,000 ዶላር ቅጣት ተበየነበት። እርሱም በዚያው ምሽት በጋዜጠኞች ፊት ይቅርታ ጠየቀ። የሐዲሱ መልእክት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሰውን የሚጥል ክንድ ነበረው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ቁጣው እርሱኑ ጣለው። ይቅርታ መጠየቁ ደግሞ ከወደቀበት መነሣቱ ነበር።

ሁለተኛው ግብፃዊው የጁዶ ተወዳዳሪ ሙሐመድ ዐሊ ረሽዋን ነው። በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ክብደት በማይገድበው ምድብ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ስመ ጥሩው ጃፓናዊ ያሱሂሮ ያማሺታ ሲሆን ከዚያ በፊት ባደረገው ግጥሚያ የቀኝ እግሩ ባት ተጎድቶ እያነከሰ ነበር። ረሽዋን በብር ሜዳሊያ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ በተጎዳው እግር ተጠቅሞ ማሸነፍን እንዳልፈለገ ተናገረ። ፊልሙን ያዩ አንዳንዶች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ ሆኖም ያማሺታን ወደ ሽልማቱ መድረክ ሲወጣ እንደደገፈው ዓለም አይቷል። የዓለም አቀፉ የመልካም ጨዋታ ኮሚቴም ሸልሞታል፤ በ2019 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ኒሻን ሰጥቶታል። በዚያ ዓመት ወርቅ ከወሰዱት የብዙዎቹ ስም ተረስቷል፤ የረሽዋን ስም ግን በጃፓን እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። ከሁለቱ የትኛው ሜዳሊያ ይበልጣል?

ከመጣል በፊት መውደቅን መማር

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ከባድ እውነት አለ። የጁዶ አገር በሆነችው በጃፓን ከ1983 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ልጆች በትምህርት ቤት ጁዶ ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ሲሆን ከእነርሱም መካከል ጀማሪዎች በርካታ ነበሩ። ጭንቅላት ከመሬት ጋር ባይጋጭ እንኳ በኃይል ሲወዛወዝ የአንጎል ደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ይህ ሁሉ የሆነው ምንጣፍ ባለበት፣ አሠልጣኝ ባለበት ቦታ ነው። ታዲያ በሲሚንቶ ላይ፣ መውደቅን በማያውቅ ልጅ ላይ ሲሆንስ?

ስለዚህ በጥሩ ማሠልጠኛ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው «ኡኬሚ»ን፣ ማለትም አወዳደቅን ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ትንፋሹን ያወጣል፤ በተዘረጋ ክንዱ ምንጣፉን ይመታል፤ ጭንቅላቱ መሬት እንዳይነካ ይጠብቃል። ይህን ለሳምንታት ሳይደጋግም ማንም ሊጥለው አይገባም። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ሄዶ ይመልከት፤ ምንጣፉ ወፍራም ነው ወይ? ጀማሪውን ከነባሩ ጋር ያለ ልክ ያታግላሉ ወይ? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወዲያው ወደ ልምምድ ይመለሳል ወይ? ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መፍዘዝ የታየበት ልጅ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊመለስ አይገባም።

የሸሪዓ ድንበሮች

በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ1987 ባደረገው 10ኛ ስብሰባው ቦክስን፣ እንዲሁም አንዱ ሌላውን መጉዳት የተፈቀደበትን ትግል ሐራም ሲል ወስኗል። ጉዳት የማይፈቀድበትን፣ ሰውነትን ለማጠንከር የሚደረገውን ትግል ግን ፈቅዷል። ፊትን ከመምታት የሚከለክል ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም መኖሩም የታወቀ ነው። በዚህ መሠረት በጡጫ ፊት የሚመታበትን የአጥር ውስጥ ፍልሚያና ጁዶን ወይም ንጹሕ ትግልን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ከኸቢብ አጣጣሉን እንማር ስንል ልጆቻችን ወደ አጥሩ ይግቡ ማለታችን አይደለም።

ሌሎችም ጉዳዮች አሉ። የታጋዮች ልብስ ጭንን ያጋልጣል፤ ዐውራ ለመሸፈን የጁዶ ልብስ የተሻለ ነው። በጁዶ ውድድር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት የደንቡ አካል ስለሆነ፣ መጎንበስ ለአላህ ብቻ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ጉዳዩን ለዐሊም አቅርበን መጠየቅ ይገባናል። ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ ሳዑዲያዊቷ ዉጅዳን ሸህርኻኒ በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ከብዙ ክርክር በኋላ ፀጉሯን ሸፍና በጁዶ ተወዳድራለች። ግጥሚያዋ የቆየው 82 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ተሸነፈችም። ሴት ልጅ ራሷን የምትከላከልበትን ጥበብ ከሴት አሠልጣኝ ጋር፣ በሴቶች መካከል መማሯ ግን የዓለም ሜዳ አያስፈልገውም።

ለእናቲቱ መልስ

እንግዲህ ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ልጃቸውን እንዳያስቆሙት ነገርኳቸው። ነገር ግን ሦስት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ልጁ አባቱን ይዞ ወደ ተጎዳው ልጅ ቤት ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ፤ ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ የሕክምናውን ወጪ እንዲካፈል፤ ሦስተኛ፣ ልጁ አሠልጣኙ ዘንድ ቀርቦ የሠራውን በራሱ አንደበት እንዲናገር። ሦስቱንም አደረገ። አሠልጣኙ ለሁለት ወር ማንንም እንዳይጥል ከለከለው፤ ሥራው ከአዲስ ገቢዎቹ ጋር መውደቅን መለማመድ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ አየሁት። አንድ ትልቅ ልጅ በስድብ ይተነኩሰው ነበር። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ እጁ ወደዚያ ልጅ አንገትጌ ተነሣ። ከዚያም «አዑዙ ቢላህ» ብሎ እጁን መለሰና መንገዱን ቀጠለ። በዚያች ቀን ያ ልጅ ትልቁን ባላጋራ ሲጥል አየሁ።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን ክንድ ያበርታ፤ ልባቸውን ከክንዳቸው ይበልጥ ያበርታ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።