ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው አፕ ሰርቨር ላይ ለምን ይወድቃል?



ለኢፍጣር ምዝገባ ወይም ለመጽሐፍ ውሰት የሚሆን ትንሽ አፕ በፓይተን መሥራት ዛሬ ለብዙዎቻችን ከባድ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ኮዱ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ወደ ሰርቨር ሲወጣ ነው። የኢፍጣር መመዝገቢያን በፍላስክ ሠራን እንበል። በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ አንድ ፓኬጅ አለ፤ ገጾቹ፣ ቅጾቹና የዳታቤዙ ሰንጠረዦች በውስጡ በየፋይላቸው ተቀምጠዋል።

የመለማመጃው ሰርቨር ለመለማመጃ ነው

ፍላስክ ይዞት የሚመጣው ሰርቨር ኮድ እየጻፍን ለመሞከር ብቻ የተዘጋጀ ነው። የስህተት መፈለጊያው (ዲበግ) እንደበራ ለሕዝብ ከተከፈተ ደግሞ አደጋ አለው፤ ስህተት ሲፈጠር የውስጥ ኮዳችንን ለጎብኚው ያሳያል፣ መንገዱን ያገኘ ሰውም ሰርቨሩ ላይ የራሱን ኮድ እስከማስኬድ ሊደርስ ይችላል። የተመዘገቡ እህቶችና ወንድሞች ስልክ ቁጥር በእጃችን ያለ አማና ነው።

በምትኩ እንደ ጉኒኮርን ያለ አፕሊኬሽን ሰርቨር እንጠቀማለን። ሰርቨሩና አፑ የሚግባቡት ደብሊውኤስጂአይ በሚባል ስምምነት ነው፤ በ2003 ወጥቶ በ2010 ለፓይተን 3 እንዲስማማ ተሻሽሏል። በዚህ ስምምነት ሰርቨሩ ፋይሎቻችን ስንት እንደሆኑ አያሳስበውም። የሚፈልገው አንድ ነገር፣ ማለትም ጥያቄ የሚቀበለውን የአፑን ኦብጀክት ነው።

ሦስት ነገር ንገሩት

አንደኛ፣ ከየትኛው ፎልደር እንደሚነሳ። መነሻው ፓኬጁን የያዘው ዋናው ፎልደር እንጂ የፓኬጁ ውስጥ አይደለም። እዚህ ላይ ከተሳሳትን «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል።

ሁለተኛ፣ የሞጁሉ ስም። ስሙ ያለ ፋይል ቅጥያ ይጻፋል፤ ፋይሉ በፎልደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ስሞቹን የሚለያቸው እዝባር ሳይሆን ነጥብ ነው።

ሦስተኛ፣ የአፑ ኦብጀክት ስም። ይህ ከሞጁሉ ስም ቀጥሎ፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ ይገባል። አፑ በፈንክሽን የሚፈጠር ከሆነ በዋናው ፎልደር ውስጥ ፈንክሽኑን ጠርቶ ውጤቱን በስም የሚይዝ ትንሽ መነሻ ፋይል ጻፉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ፋይሉ በቀጥታ ከተከፈተ ብቻ አስኪድ» በሚለው ብሎክ ውስጥ ያለ ኮድ በጉኒኮርን ሲነሳ አይሠራም። የዳታቤዝ ሰንጠረዦችን የምትፈጥሩት እዚያ ከነበረ ሰርቨሩ ላይ ሰንጠረዥ አይኖርም። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስትሄዱ ደግሞ የገጽና የምስል ፋይሎች ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለይ አትርሱ።

200 ቦታ 600 እንዳይሆን

ጉኒኮርን ሥራውን ወርከር ለሚባሉ ሂደቶች ያከፋፍላል። የተለመደው ስሌት የፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት በሁለት ተባዝቶ አንድ ሲደመርበት ነው፤ አንድ ኮር ላለው ሰርቨር 3 ወርከር ማለት ነው። እያንዳንዱ ወርከር የራሱ ሜሞሪ አለው። የተመዝጋቢውን ቁጥር ተራ የፓይተን ቫሪያብል ውስጥ ካስቀመጣችሁ ሦስቱም ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ ለ200 ሰው የተዘጋጀው ኢፍጣር እስከ 600 ሰው ሊመዘግብ ይችላል። ላፕቶፕ ላይ በአንድ ሂደት ስትሞክሩት ግን ስህተቱ አይታይም። ስለዚህ ቆጠራው ዳታቤዝ ውስጥ ይሁን፤ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥና መመዝገብም በአንድ ትራንዛክሽን ይፈጸም።

የቀረው

ጉኒኮርን ካልተነገረው በስተቀር በ127.0.0.1 ላይ በፖርት 8000 ብቻ ያዳምጣል፤ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ፊት ለፊት ኤንጂንኤክስ ይቁምና ጥያቄውን ያስተላልፍለት። ገጹ 502 ካሳየ ኤንጂንኤክስ ሠርቷል፣ ከኋላው ያለው አፕ ግን አልመለሰለትም ማለት ነውና የጉኒኮርንን ሎግ ተመልከቱ። ሰርቨሩ ሲጠፋና ሲበራ አፑ በራሱ እንዲነሳ ሲስተምዲ ላይ አስመዝግቡት፤ መነሻ ፎልደሩንም እዚያው ጻፉለት። የዳታቤዝ የይለፍ ቃልና ሚስጥራዊ ቁልፎች ከኮዱ ጋር አይቀመጡ።

ምዝገባውን ከመክፈታችሁ በፊት ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ከዚያም ጓደኞቻችሁ በአንድ ጊዜ እንዲመዘገቡ አድርጋችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ። ፈተናውን ካለፈ ቢስሚላህ ብላችሁ ክፈቱት። አላህ ሥራችሁን ያግራላችሁ።