ለሞተር ጀልባ የትኛው ፕሮፔለር ይሻላል?

በዚህ እትም በሳይንስ ዓምዳችን ስለ ጀልባ ፕሮፔለር እንማማራለን።

«ፍኖተ ሰላም ሐይቅ የለ፣ ጀልባ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ግን እኮ ከዞናችን ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይ የሚገባው ጣና ነው። የደቅ ደሴት ሰው ገበያ የሚወጣው፣ በሽተኛውንም ሐኪም ቤት የሚያደርሰው በውኃ ነው። ድሮ በደንገል ታንኳ ነበር፣ አሁን ሞተር ጀልባም አለ። ሞተሩ ደህና ሆኖ ፕሮፔለሩ ካልተስማማው ነዳጅ በከንቱ ያልቃል፣ ሞተሩ ይጎዳል፣ ሰው መሀል ሐይቅ ላይ ሊቀር ይችላል።

ፕሮፔለር ምንድን ነው?

ከጀልባው ኋላ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር፣ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ ያለው ነገር ነው። ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውኃውም ጀልባውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ የኒውተን 3ኛ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዞች ፕሮፔለር ያላትን ራትለር የተባለች መርከብ፣ በጎኗ ባለ ትልቅ መቅዘፊያ ጎማ ከምትሄደው አሌክቶ ጋር ኋላ ለኋላ አስረው ጉተታ አጋጠሟቸው። ራትለር አሌክቶን እየጎተተች ወሰደቻት።

ሁለቱ ቁጥሮች

ፕሮፔለር ላይ ለምሳሌ 11 × 13 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም በኢንች ነው።

1. የመጀመሪያው ዳያሜትር ነው። 11 ኢንች 28 ሳ.ሜ. ያህል ነው።
2. ሁለተኛው ፒች ይባላል። ብሎን እንጨት ውስጥ ስናዞረው በአንድ ዙር ትንሽ ይገባል አይደል? ፒችም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። 13 ኢንች 33 ሳ.ሜ. ያህል ነው። ውኃ ግን እንደ እንጨት ጠጣር ስላልሆነ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ በእውነት የሚሄደው ከዚያ ያነሰ ነው።

ፒችን በባጃጅ ማርሽ አስቡት። ትልቅ ፒች እንደ 4ኛ ማርሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ያፈጥናል፣ ተሳፋሪ ሞልቶ ዳገት ሲመጣ ግን ሞተሩ ያቃስታል። ትንሽ ፒች እንደ 1ኛ ማርሽ ነው፤ ጭነት ይጎትታል፣ ፍጥነት ግን የለውም፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይዞራል።

እንዴት ይመረጣል?

ጀልባው እንደ ዘወትሩ ተጭኖ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይሰጠዋል። ከዚያ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይታያል። የሞተሩ መመሪያ ለምሳሌ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ካለና ጀልባው 4,800 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቷል ማለት ነው። ፒች በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 2 ኢንች ብንቀንስ 5,100 ወይም 5,200 አካባቢ ይደርሳል። ዙሩ ከ6,000 ካለፈ ደግሞ ፒች ይጨመራል።

ጣና ላይ ምን ይለያል?

ሀ. ከፍታው፦ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ 33 ያህል ብቻ ይሰጣል። ባሕር ዳርቻ አገር ላይ ልክ የነበረው ፕሮፔለር ጣና ላይ ይከብደዋል፣ ፒቹ ዝቅ ማለት አለበት።

ለ. ድንጋዩ፦ ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ላይ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሊመታ ይችላል። አልሙኒየም ርካሽ ነው፣ ግን ይጣመማል። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን ውድ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ግጭቱ ወደ ውስጥ አልፎ ጥርሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መለዋወጫ መያዝ ጥሩ ነው።

ሐ. እምቦጭ፦ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና የታወቀው ይህ አረም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። የሚያጸዳው ሰው መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት አለበት፣ አለዚያ እጅ ይቆረጣል!

የክንፍ ቁጥርም ይለያያል። ባለ 3 ክንፉ የተለመደው ነው። ባለ 4ቱ ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ለጭነት ይሆናል፣ ፍጥነቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል።

እንግዲህ ውድና ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ለሞተሩ፣ ለጭነቱና ለቦታው የሚስማማው ነው ጥሩ።

ጥያቄ፦ ፒቹ 15 የሆነ ጀልባ 4,700 ዙር ላይ ቆመ። መመሪያው ከ5,000 እስከ 6,000 ይላል። 17 ወይስ 13 ይግዛ? ለምን? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስገቡ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል