ግራዚያኒ አዝማሪን ለምን ፈራ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሁሉ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ያውቀዋል። ያው ወራሪ አዝማሪም ገድሏል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ ታዘዘ።

ለምን? አዝማሪ ጠመንጃ የለውም። ግን ከገበያ ገበያ እየዞረ ወሬ ያደርሳል፣ በሰምና ወርቅ ሹሙን ያሳቅበታል። የተሳቀበት ሹም ደግሞ እንደ በፊቱ አይፈራም።

ጣሊያኖች ራሳቸው ይህን በኋላ አይተውታል። ቀልደኛው ቤፔ ግሪሎ በ1986 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ሚኒስትር ክራክሲ ፓርቲ ላይ ቀልዶ ከመንግሥት ቴሌቪዥን ተገለለ። በ2009 የመሠረተው ንቅናቄ ግን በ2018ቱ ምርጫ ከፓርቲዎች ሁሉ ብዙ ድምፅ አገኘ።

የእኛ አዝማሪ ግጥሙን ብዙ ጊዜ «ተቀበል!» ከሚለው ሰሚ ነው የሚወስደው። እና አዝማሪውን ብትገድለው፣ ቀልዱ ሰሚው አፍ ላይ ይቀራል።