የከብት ክትባት በስሜን ደጋና ቆላ እንዴት እንደሚጠበቅ

በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ግርጌ ላላችሁ የወረዳ ሹማምንት ይህን የምንጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነው። የክትባት መድኃኒት ቢበላሽ መልኩ እንደ ነበረ ሊቆይ ይችላል፤ የሞተውም እንደ ደኅናው ይወጋል። ባለ ፍየሉ መንጋዬ ተከተበልኝ ብሎ ይሄዳል። በሽታው በመጣ ቀን ግን መንጋው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለመርፌ አውጣ ቢሉት እሺ አይልም።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው ደስታ የተባለው በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀንን እንዳመጣ ከአባቶቻችን ሰምተናል። እርሱ በክትባት ድል ተነሥቶ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ዘመዱ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ግን ዛሬም አለ። ይኸው በሽታ በ2009 ዓ.ም. በሞንጎልያ ወደ ዱር ተሻግሮ ሳይጋ የሚባለውን የዱር እንስሳ በሺህ ፈጅቷል። ዋልያም በዱር የሚኖረው በስሜን ብቻ ነውና ነገሩ ከገበሬው በረት ያልፋል።

የዚህ በሽታ ክትባት እንደ ዱቄት ደርቆ ይመጣል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ደባርቅ ብርዳም ስለ ሆነች አገሩ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። የቀን ፀሐይ አለ፤ ደግሞም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ለሚወርድ ሣጥን በረዶው የሚበቃው ለቆላው ሙቀት ታስቦ ሲሞላ ነው። በሌላ ወገን የአባ ጎርባ ክትባት ከረጋ ኃይሉን ያጣልና በረዶውን ሳይነካ ይቀመጥ።

ዱቄቱ በውሃው ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው በሰዓት ይቈጠራል። ስለዚህ መንጋው ሳይሰበሰብ ጠርሙስ አይከፈት፤ መበጥበጫው ውሃም አስቀድሞ ይቀዝቅዝ። መርፌውን በአልኮል ማጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ ነገር ግን ሕያው ክትባትን ይገድላልና ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም።

ከሹማምንት የሚፈለገው የማቀዝቀዣው ሙቀት ጧትና ማታ መጻፉን መመልከት ነው። መብራት ሲጠፋ በሩ ሳይከፈት ይቆይ፤ የጠፋበትም ሰዓት ይመዝገብ። ጥርጥር ያደረበት ጠርሙስ ለበላይ ተነግሮ ይወገድ። ይህን የገለጠ ሠራተኛ ስለ መግለጡ አይቀጣ፤ ቢቀጣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይወጋዋልና።