ሙሉጌታ ሥራውን ማን ገደለው?

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ያገሬ ልጅ ጋር ቡና ስንጠጣ የሙሉጌታ ሥራውን ስም አነሣሁ፡፡ ልጁ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፡፡ «ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ማነው?» ሲለኝ ደነገጥኩ፡፡ ጋዜጠኛ የነበርኩ ሰው ነኝና ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ እንደሆነ ተሰማኝ፡፡ ስለዚህ ለእሱ ያወጋሁትን ለእናንተም ልድገመው፡፡

ሙሉጌታ ለትምህርት አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት፣ ኦሪገን ክፍለ ሀገር ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ደጃፍ ሲያደርሱት፣ ስኪንሄድ የሚባሉ ጠጉራቸውን የተላጩ ሦስት ዘረኞች ደረሱባቸው፡፡ ኬን ሚስኪ የተባለው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ ገደለው፡፡ ሚስኪ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ2011 እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ግብረ አበሮቹም ተፈረደባቸው፡፡

ቤተሰቡ ግን «ዱላውን ማን አስያዛቸው?» ብሎ ጠየቀ፡፡ ጥያቄው ካሊፎርኒያ ወደሚኖረው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወደ ቶም ሜትዝገር መራ፡፡ ይህ ሰው የኩ ክላክስ ክላን የካሊፎርኒያ መሪ የነበረና በኋላም የራሱን ዘረኛ ድርጅት ያቋቋመ ነው፡፡ በ1980 የዲሞክራቲክ ፓርቲ የኮንግሬስ ዕጩ እስከ መሆንም ደርሶ ነበር፡፡ ጠበቃው ሞሪስ ዲስ፣ ሜትዝገር ወኪሉን ፖርትላንድ ልኮ ስኪንሄዶቹን ለጥቃት እንዳነሣሣ ለፍርድ ቤት አስረዳ፤ ወኪሉ ራሱ ቀርቦ መሰከረ፡፡ በኦክቶበር 1990 ዳኞቹ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ፡፡ ገንዘቡ ሁሉ ባይገኝም ሜትዝገር ቤቱን አጣ፣ ድርጅቱም ተሽመደመደ፡፡ እሱ ግን በ2020 እስኪሞት ድረስ ከክፋቱ አልተመለሰም፡፡

ልጁ ይህን ሰምቶ «ፖርትላንድ ሩቅ ነው ጋሼ፤ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለኝ፡፡ ጆርጅ ሊንከን ሮክዌል የአሜሪካን ናዚ ፓርቲ በ1959 ያቋቋመው ከእሱ ሠፈር አጠገብ፣ አርሊንግተን ውስጥ መሆኑን ስነግረው ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ፡፡

ወገኖቼ፣ ዛቻ ሲደርስብን «የሰው አገር ነው» ብለን አንዋጠው፡፡ ቀኑን፣ ቦታውንና የመኪናውን ታርጋ መዝግበን እናመልክት፡፡ የሙሉጌታን ስምም ለልጆቻችን እንንገር፡፡