ተጨማሪ መረጃ፦ ከማኅፀን የሚወረስ የቡችላ ደዌ

ተማሪዎች ሆይ፤ በቅርብ የተወለደ ቡችላ አካሉ ከስቶ፣ ጠጉሩ ደብዝዞ፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተነፍቶ ብታዩት ጠግቦ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ የዚህ ደዌ ምክንያት በሳይንስ ስሙ ቶክሶካራ ካኒስ የሚባለው የውሻ ወስፋት ነውና። ወስፋት ማለት በሌላ ፍጥረት አንጀት ተጠልሎ፣ ያልደከመበትን ምግብ እየተካፈለ የሚኖር ድቡልቡል ጥገኛ ትል ሲሆን፣ የውሻው ወስፋት እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል።

እጅግ የሚያስደንቀው መተላለፊያው ነው። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የቈየው እጭ፣ ማለት ገና ያላደገው ትል፣ እርግዝናዋ ሲገፋ ነቅቶ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚሻገርና ከወሊድም በኋላ ከወተቷ ጋር ስለሚፈስ፣ ቡችላው ዓይኑን ሳይገልጥ የደዌው ወራሽ ይሆናል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች ቡችላው 2 ሳምንት ከሞላው ጀምሮ፣ ለእናቲቱም ጭምር፣ የትል መድኃኒት እንዲሰጥ ይመክራሉ።

ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው የወስፋቱ እንቁላል በአፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሰንብቶ ከበሰለ በኋላ ባልታጠበ እጅ ወደ ሕፃናት አፍ ቢገባ፣ እጩ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ዘልቆ ብርሃናቸውን እስከ መጋረድ ይደርሳልና፣ ለውሻ መራራት ለሰውም መራራት መሆኑን አስተውሉ።

ተመልከቱ፦ በሰፈራችሁ ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ የውሻ ዓይነ ምድር መኖር አለመኖሩን፣ በእጃችሁ ሳትነኩ፣ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፤ በምን መንገድ ቢወገድ እንደሚበጅም ከመምህራችሁ ጋር ተወያዩ።