ቢን ኦምራን፤ ስለ አንድ ስም አመጣጥ፥ ትርጓሜና መስፋፋት

በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ፥ ሐማድ ከተባለው ታላቅ ሆስፒታል አጠገብ፥ ቢን ኦምራን የሚባል ሰፈር አለ። ሙሉ ስሙ ፈሪጅ ቢን ኦምራን ነው። ለእንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ወደዚያ ሀገር የወረደ ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በመንገድ ሰሌዳ ላይ ያነብበዋል፤ ለባለ ታክሲም ይናገረዋል፤ ነገር ግን ይህ ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በኦሪት ዘጸአት ሲነበብ የሰማው የአንድ አባት ስም መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ቃሎቹን አንድ በአንድ መለየት ይገባል። ፈሪጅ በባሕረ ሰላጤው ዐረብ አነጋገር ሰፈር ማለት ነው፤ ይኸውም ፈሪቅ፥ ማለት ጭፍራ ወይም ወገን፥ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የዚያ አካባቢ ሰዎች በብዙ ቃል ውስጥ ቀን ወደ ጀ ይለውጣሉና። እንግዲህ ሰፈር የተባለው በመጀመሪያ መሬቱ ሳይሆን በአንድነት የሰፈረው ወገን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በዶሃ ፈሪጅ ቢን ማሕሙድ፥ ፈሪጅ ዐብደልዐዚዝ እየተባሉ በሰው ስም የሚጠሩ ሰፈሮች ይገኛሉ። በአዲስ አበባም ራስ ካሣ ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር ሲባል የኖረው በዚሁ ልማድ ነው፤ ባለቤቱ አልፎ ቤቱ ፈርሶ እንኳ ስሙ በመሬቱ ላይ ይቀራል።

ቢን ማለት ልጅ ማለት ነው። ዐረብኛው ኢብን የሚለው ቃል በሁለት ስሞች መካከል በገባ ጊዜ የፊተኛው አልፍ ይወድቃል፤ በተራው ሰው አፍም ቢን ይባላል። ዕብራይስጡ ቤን፥ አራማይስጡ ደግሞ ባር ይላል፤ በርተሎሜዎስ፥ በርናባስ፥ በርጤሜዎስ የተባሉት የሐዲስ ኪዳን ስሞች በዚህ ባር የተጀመሩ ናቸው። ግዕዝ ግን ከወንድሞቹ ተለይቶ ወልድ የሚለውን ቃል መረጠ። ይህ ልዩነት ኋላ እንደሚታየው ለስማችን ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው።

ኦምራን የተባለውስ ማን ነው? ዐረቦች ይህን ስም ሲጽፉ ዐይን፥ ሚም፥ ራ፥ አልፍ፥ ኑን ብለው ነው፤ አጫጭሮቹን አናባቢዎች አይጽፏቸውምና ያው ጽሑፍ ዒምራንም ዑምራንም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ዒምራን ከተባለ የሙሴና የአሮን አባት ስም ነው። በዕብራይስጥ ዐምራም ይባላል፤ ዐም ሕዝብ ወይም ዘመድ፥ ራም ከፍ ያለ ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው ከፍ ያለ ወገን ይሆናል። ይህ ራም የተባለው አብራም በሚለው ስም መጨረሻ የሚገኘው ነው፤ አብራም ማለት ከፍ ያለ አባት ነውና። በግዕዝም አርያም የምንለው ቃል ከዚሁ የከፍታ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ በኦሪቱ ስም ውስጥና በየዕለቱ ጸሎት በምንጠራው ቃል ውስጥ አንዲት ሥር አለች።

በእኛ መጻሕፍት ግን ይህ አባት ዐምራም አይባልም፤ እንበረም ይባላል። በዘጸአት ምዕራፍ 6 ቍጥር 20 ዮካብድን ያገባው፥ አሮንንና ሙሴን የወለደው እንበረም እርሱ ነው። ታዲያ በ መጥታ ከመካከል የገባችው ከወዴት ነው? ምክንያቱ ብሉያት ወደ ግዕዝ የተተረጐሙት ከሰባ ሊቃናት የጽርእ ትርጕም ስለ ሆነ ነው። የጽርእ ሰዎች ም እና ር ተከታትለው ሲመጡባቸው በመካከል ብ ያስገባሉ፤ የአብርሃም ማደሪያ የነበረውን መምሬን ማምብሬ እንዳሉት ሁሉ ዐምራምንም አምብራም አሉት። ጽርእ ዐይን የሚባል የጕሮሮ ፊደል ስለሌለውም እርሱ ጠፋ። ግዕዙም ከጽርእ በተቀበለው መልክ፥ በዐይኑ ፊደል ሳይሆን በአልፉ፥ እንበረም ብሎ ጻፈው። ዐረብኛው በሌላ በኩል ዐይኑን ጠብቆ መጨረሻውን ግን ከም ወደ ን ለወጠ። ስለዚህ እንበረምና ዒምራን ከአንድ ምንጭ ወጥተው በሁለት ሸለቆ የወረዱ ውኆች ናቸው፤ አንዱ በእስክንድርያ በኩል ወደ አክሱም ደረሰ፥ ሁለተኛው በዐረብ ምድረ በዳ አልፎ ባሕረ ሰላጤው ላይ ቆመ።

ስሙ ለወገን መጠሪያ የሆነው ዛሬ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 3 የሌዋውያን ነገድ ሲቈጠር ከቀዓት ወገን እንበረማውያን የተባሉ ተጠቅሰዋል። አንድ ሰው ሞቶ ስሙ የልጅ ልጆቹ ሁሉ መለያ ሲሆን የሚታይበት ይህ ነው፤ የቤተሰብ ስም ማለትም ሌላ ነገር አይደለም። በእስላሞች ቍርኣንም ሦስተኛው ምዕራፍ፥ 200 አንቀጽ ያለው፥ አል ዒምራን ይባላል፤ የዒምራን ቤተሰብ ማለት ነው። በዚያ ዒምራን የእመቤታችን የማርያም አባት ስም ሆኖ ይገኛል። በክርስቲያኖች ትውፊት ግን አባቷ ኢያቄም፥ እናቷ ሐና መሆናቸው የታወቀ ነው። የሙሴ እኅት ማርያም የእንበረም ልጅ በመሆኗ ተማሪ ሁለቱን እንዳያደባልቅ ያስፈልጋል፤ የእስላም ሊቃውንትም የሙሴ አባት ዒምራንና የማርያም አባት ዒምራን በዘመን የተራራቁ ሁለት ሰዎች ናቸው ይላሉ።

ዑምራን ተብሎ ከተነበበ ደግሞ መነሻው የዐረብኛው ዐመረ ነው፤ ኖረ፥ አቀና፥ አለማ ማለት ነው። ዑመር የሚለው ስም፥ ዕድሜ የሚባለው ዑምር፥ አናጺና ገንቢ የሚባለው ሚዕማር ሁሉ ከዚህ የወጡ ናቸው። በ1377 እ.ኤ.አ. የታሪክ መቅድም የጻፈው የቱኒስ ተወላጅ ኢብን ኸልዱን የሰዎችን በአንድነት መኖርና ሀገር ማቅናት ዑምራን ብሎ ጠርቶ ስለዚሁ ብዙ ተናግሯል። ይሁን እንጂ ከሥር ቃል ጋር ማስማማት አንድ ነገር ነው፥ የስሙ ታሪክ ሌላ ነገር ነው፤ ስምን በሚመስለው ቃል ሁሉ መተርጐም የሰነፍ አንድምታ ነው።

አሁን ቢን ኦምራን የሚለው እንዴት የቤተሰብ ስም ሊሆን እንደቻለ እንመልከት። በዐረብ ሥርዓት ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቢን ተብሎ አባቱ፥ ዳግመኛም ቢን ተብሎ አያቱ ይከተላል፤ ሴት ልጅ ብትሆን ቢንት ይባላል። በዚህ ሰንሰለት ከአባቶች አንዱ በሀብት ወይም በጀግንነት ወይም በልጆች ብዛት ገናና ሲሆን ሰንሰለቱ በእርሱ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወለዱት ሁሉ፥ ዐሥር ትውልድ ቢርቁም፥ የእርሱ ልጆች ይባላሉ። የኳታር ገዢዎች ስም ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሚር የሆኑት ታሚም ቢን ሐማድ ቢን ኸሊፋ አል ሣኒ ይባላሉ፤ የኸሊፋ ልጅ የሐማድ ልጅ ታሚም፥ ከሣኒ ቤት ማለት ነው። ሣኒ ማለት በቃሉ ሁለተኛ ማለት ሲሆን፥ በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች ጋር የተዋዋሉት የመሐመድ ቢን ሣኒ አባት ስም ነው። እዚህ ላይ አል የተባለው ቤተሰብ ማለት እንጂ፥ በዐረብኛ ስሞች መጀመሪያ ላይ የሚጨመረው መስተአምር አል አይደለም፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ፥ በዐረብኛው ግን አንዱ ረዥም ሁለተኛው አጭር ነው።

የወገን ስም የያዘ ሁሉ ግን የዚያ ወገን ሥጋ ነው ማለት አይደለም። በዶሃ ምሸይረብ በተባለው ሰፈር ቢን ጀልሙድ በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ የሚያሳየውም የባርነትን ታሪክ ነው። ከአፍሪቃ ቀንድ ባሕር ተሻግረው ከተሸጡት መካከል የሐበሻ ልጆች ነበሩ። በኳታር ባርነት በሕግ የተሻረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ነጻ ከወጡት ብዙዎቹ የቀድሞ ጌቶቻቸውን የወገን ስም ይዘው ቀሩ፤ ከዚህ የተወሰደ ሰው የአባቱ ስም በመርከብ ላይ ቀረ ማለት ነው። ልጁም የልጅ ልጁም የሚጠሩት በገዛው ሰው አያት ስም ሆነ።

በተቃራኒው ደግሞ የሐበሻን ስም ይዞ የዞረ የዐረብ ቤተሰብ አለ። አል ሐብሺ የተባሉት የሐድራሞት ሰዎች ናቸው። የቤተሰቡ ትውፊት እንደሚለው ስሙ የወጣላቸው ከአባቶቻቸው አንዱ ወደ ሐበሻ ተሻግሮ ብዙ ዘመን ኖሮ ስለ ተመለሰ ነው። ሐድራሞቶች ነጋዴዎችና ተጓዦች በመሆናቸው ይህ ስም ወደ ኢንዶኔዥያ፥ ወደ ማሌዢያና ወደ ሲንጋፖር ደርሷል፤ ዛሬ ሐበሻን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው በጃቫ ደሴት ሐብሺ ተብሎ ይጠራል።

ስም ከአባት ብቻ ሳይሆን ከቤትም ሊወጣ ይችላል። በስፔይንና በፈረንሳይ ድንበር፥ በፒሬኔ ተራሮች ጥግ፥ ባስክ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ለማንኛውም የኤውሮጳ ቋንቋ ዘመድ አይደለም። እነርሱ ዘንድ ቤቱ ከሰው ይበልጥ የጸና ስለ ነበረ ሰው በቤቱ ስም ይጠራ ነበር። ኤቼቤሪያ የሚለው ስም እንዲህ ነው፤ ኤቼ ቤት፥ ቤሪ አዲስ፥ አዲሱ ቤት ማለት ነው። አዲስ ቤት በየመንደሩ ስለሚሠራ ያለ ዝምድና በብዙ ስፍራ ተነሣ፤ በኋላም ከስደተኞች ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ ኤቼቬሪያ፥ ቻቫሪያ እየተባለ ተስፋፋ። በናቫራ የሚገኘው የዣቪየር ግንብ ስምም ከዚሁ የወጣ ነው። በ1506 እ.ኤ.አ. በዚያ ግንብ የተወለደው፥ እስከ ጃፓን ሄዶ የሰበከው ፍራንሲስ፥ ዣቪየር የተባለው ስለዚህ ነው፤ ከእርሱ በኋላም የቤቱ ስም የሕፃናት መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ዣቪየር ወይም ሐቪየር ተብለው ከሚጠሩት ስንቶቹ አዲስ ቤት እንደሚባሉ ያውቁ ይሆን!

በኢትዮጵያ ግን የቤተሰብ ስም የለም፤ የቤትም ስም የለም። ሰው የራሱ ስም፥ ከዚያ የአባቱና የአያቱ ስም አለው፤ በየትውልዱም ሰንሰለቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ለመለወጥ ተሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ ረቂቁን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፥ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቍጥር ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፥ አንድ ወይም ብዙ የተጸውዖ ስም፥ የአባትም ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና፤ የቤተሰቡ ስም ግን ከወረቀት ወደ ቤት አልገባም። ሕዝቡ በአባቶቹ ሥርዓት ጸንቶ ቀረ።

ችግሩ የሚገለጠው ሰው ከሀገር ሲወጣ ነው። ካሣ ይመር የተባለ ሰው ወለተ ማርያም የምትባል ልጅ ቢኖረው፥ በባዕድ ሀገር መዝገብ እርሱ የይመር ቤት፥ እርሷ የካሣ ቤት ሰው ሆነው ይጻፋሉ፤ አባትና ልጅ መሆናቸውን የመጨረሻ ስማቸው አያስረዳም። በሆስፒታል ታማሚ ሲጠየቅ፥ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፥ ይልቁንም ሰው ሞቶ ዘመድ ዐፅሙን ሲጠይቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዐረቦች በዚህ ረገድ ከኤውሮጳውያን ይልቅ ይቀርቡናል፤ ሰንሰለቱን ያውቁታል፥ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራባቸውም።

ይሁን እንጂ ዐረብም የሚሳሳትበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም በጥምር ስሞቻችን ላይ ነው። ገብረ ማርያም፥ ወልደ ሚካኤል፥ ኀይለ ሥላሴ አንድ አንድ ስም ናቸው። በላቲን ፊደል ተነጣጥለው ሲጻፉ ግን ገብረ የሰውየው፥ ማርያም የአባቱ ስም ተደርጎ ይወሰዳል፤ እውነተኛው አባት ወደ አያትነት ይገፋል፥ አያቱም ከመዝገብ ይወጣል። ወልደ በሚለው ላይ ደግሞ ይብሳል። ወልድን በዐረብኛው ወለድ የሚያውቅ ሰው ወልደ ማርያምን ቢን ማርያም ብሎ ቢተረጕመው፥ ማርያም የተባለች ሴት የወለደችው ማለት ይመስለዋል፤ እኛ ግን በመንፈስ ልጅነት እንጂ በሥጋ ትውልድ አላልነውም። ገብረ፥ ወለተ፥ አመተ፥ ተክለ ሁሉ ለብቻቸው ጎደሎ ናቸው፤ ገብረ ብቻ የተባለ ሰው የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገር ቀረ።

ስለዚህ ለተጓዥ ወረቀት የሚጽፍ ዲያቆን ወይም ደብተራ ጥምሩን ስም በባዕድ ፊደል ገጥሞ፥ ገብረማርያም ብሎ በአንድነት ይጻፍለት፤ በልደት ወረቀቱ፥ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱም ላይ ያው አጻጻፍ መኖሩን ይመልከት። አንዲት ፊደል በአንዱ ላይ ተጨምራ በሌላው ላይ ብትጐድል ሁለት ሰው ትሆናለችና። የክርስትና ስም ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይገባም፤ ወደ ገዳም የሚመጣ ተሳላሚ ለጸሎት የሚያስጽፈው እርሱን ነው፤ በዚያ መዝገብ የአባት ስምም የቤተሰብ ስምም አይጠየቅም።